እትዬ ዘሀራ የወጠሩት ክር

ሰሚራ ደውላ እናቷ ማረፋቸውን ስትነግረኝ አምስት ኪሎ ታክሲ እየጠበቅኩ ነበር። ቀብሩ ትናንት ኮልፌ ተፈጽሟል። የኔን ቁጥር ከእናቷ ስልክ ውስጥ ፈልጋ ያገኘችው ገና ዛሬ ጠዋት ነው፤ ለዚያም ይቅርታ ጠየቀችኝ። ይቅርታ መጠየቅ የነበረብኝ እኔ ነበርኩ። እትዬ ዘሀራ ሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ አጠገብ ካለው የዱሮ ቤታቸው ተነስተው ከከተማው ዳር ወዳለ ኮንዶሚኒየም ከገቡ አምስት ወር ሊሞላቸው ነው። "መጥቼ አዲሱን ቤት አያለሁ" እያልኩ በስልክ ስሸነግላቸው ቆይቻለሁ። ቤቱን ያየሁት ለለቅሶ ስሄድ ነው።

ግቢው ውስጥ በተጣለው ድንኳን ከወንዶቹ ጋር ጥቂት ተቀመጥኩ። ዱዓ ተደረገ። ከዚያ ሰሚራ ጠራችኝና ደረጃው ሥር ቆመን አወራን። ሰሚራ ለእትዬ ዘሀራ አንድ ልጃቸው ናት፤ ፒያሳ መድኃኒት ቤት ውስጥ ትሠራለች። እናቷ ከሦስተኛ ፎቅ ሲወርዱ ወድቀው፣ ሆስፒታል ሁለት ቀን ቆይተው እንዳረፉ ነገረችኝ።

"መብራት አልነበረም እንዴ?" አልኳት።

"ቀን ነው የወደቀችው። ሰባት ሰዓት ገደማ።"

"ታዲያ ደረጃውን እንዴት አላዩትም?"

የማላውቀው ነገር እንዳለ የገባት ያኔ ይመስለኛል። ትክ ብላ አየችኝ።

"ደረጃውን ብቻ አይደለም፣ ዮናስ። ምንም አታይም ነበር። አራት ዓመት ሊሆናት ነው። አንተ ታውቃለህ ብዬ ነው እኮ።"

ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። ከነዚያ አራት ዓመታት ውስጥ ሁለቱን እትዬ ዘሀራ ከኔ አንድ ክንድ ርቀት ላይ ተቀምጠው ሠርተዋል። ሥራቸው ደግሞ ከፀጉር የማይወፍር ሽቦ በቀጭን ቱቦ ውስጥ አሳልፎ መወጠር ነበር። እኔ በደህና ዓይኔ እያየሁት እንኳ አንዳንዴ የሚጠፋኝ ሽቦ።

ሰሚራ አጠገቤ ተቀመጠችና አስረዳችኝ። በሽታው የዓይናቸውን መሐል ነው የወሰደው። ዳር ዳሩን ጥላ ጥላ ይታያቸዋል፤ መንገድ ይሄዳሉ፤ ሰው ሲመጣ ያውቃሉ። ፊት ግን አያዩም፤ ፊደል አያዩም፤ መርፌ አያዩም። ሐኪሙ የጠፋው አይመለስም ብሏቸዋል። የዱሮ ሰፈራቸውን ድንጋዩን ሁሉ እግራቸው ያውቀው ስለነበር ጎረቤት እንኳ አላወቀም። የኮንዶሚኒየሙን ደረጃ ግን እግራቸው ገና አልለመደውም ነበር።

"ለምን ደበቁን?" አልኳት።

"'ዓይኔ ሄደ ካልኩ እጄንም አብረው ይቀብሩብኛል' ትል ነበር" አለችኝ።

እኔ የፊዚክስ መምህር ነኝ። አምስት ኪሎ አካባቢ ባለች አንዲት ትንሽ ቤተ ሙከራ ውስጥ እሠራለሁ። ከእትዬ ዘሀራ ጋር እንዴት እንደተገናኘን ለመናገር ስለ ሥራው ጥቂት ማለት አለብኝ።

ሙዮን የሚባል ከአቶም ያነሰ ቅንጣት አለ። ከሰማይ ሳያቋርጥ ይዘንባል፤ ጣሪያውንም ድንጋዩንም ሰውንም ሰንጥቆ ያልፋል። በውጭ አገር ደግሞ ከመሬት በታች በተቆፈረ ትልቅ ዋሻ ውስጥ ቅንጣቶችን በከፍተኛ ፍጥነት የሚያጋጭ መሣሪያ ተተክሏል። ከግጭቱ ከሚወጣው ብዙ ነገር መካከል ያን ሁሉ ብረት አልፎ እስከ ውጭ የሚዘልቀው ሙዮን ስለሆነ፣ እሱን ለመያዝ የመሣሪያው ዙሪያ በጠቋሚዎች ተከቧል። አሁን መሣሪያው ከበፊቱ አብልጦ እንዲያጋጭ እየተሻሻለ ነው። የድሮዎቹ ጠቋሚዎች የሚመጣውን ብዛት አይችሉትም፤ በአዳዲስ ቀጫጭን ቱቦዎች መተካት አለባቸው። ሥራው ለብዙ አገር ቤተ ሙከራዎች ተከፋፍሎ ሲሰጥ እኛም ለሙከራ ያህል ጥቂት ቱቦ እንድንሠራ ተፈቀደልን። ካማረልን ሌላ ብዙ ይሰጠናል፤ ካላማረልን በዚያው ይቀራል።

ቱቦው አሉሚኒየም ነው፤ እንደ አውራ ጣት የወፈረ፣ እንደ ሰው ቁመት የረዘመ። መሐል ለመሐል ሽቦ ያልፍበታል፤ ጋዝ ይሞላል፤ ኤሌክትሪክ ይሰጠዋል። ሙዮን ሲያልፍ ጋዙን ነካክቶ ይሄዳል፤ ያንን ሽቦው ይቀበለዋል። ሲያወሩት ቀላል ነው። ሽቦው ከመሐል ፈቀቅ ካለ፣ ወይም ከላላ፣ ወይም ጫፉ ላይ ትንሽ እድፍ ከያዘ ግን ቱቦው ይጣላል። እኔና የኤሌክትሮኒክስ ባለሙያችን ሙሉጌታ ሁለት ወር ሙሉ ሽቦ ስንበጥስ ከረምን። አንድም ደህና ቱቦ አልወጣልንም። አንድ ቀን ሙሉጌታ ተናዶ፣ ይሄ የኛ ሥራ ሳይሆን የወርቅ ሠሪ ሥራ ነው አለ። ለቀልድ ነበር። እኔ ግን ሽቦውን በኪሴ ይዤ ፒያሳ ወረድኩ።

ሦስት ወርቅ ቤት ገባሁ። ሦስተኛው ባለሱቅ ሽቦውን ለአፍታ አየና በጣቱ ወደ ጓዳ አመለከተኝ፤ እንዲህ ያለ ነገር የዘሀራ ነው አለኝ። እትዬ ዘሀራ ጓዳው ውስጥ ዝቅ ያለች በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል። ሻሻቸው ግጥም ብሎ ታስሯል፤ የወርቅ ሠሪ ማጉያ ቅንድባቸው ላይ ተሰክቷል። አባታቸው ከወሎ የመጡ አንጥረኛ ነበሩ፤ ወርቅ እንደ ክር ስቦ ጌጥ መሥራት የተማሩት ከሳቸው ነው። ሽቦውን ሰጠኋቸው። በአውራ ጣትና በሌባ ጣታቸው መካከል ሳብ አደረጉት፤ ከዚያ የታችኛው ከንፈራቸው ላይ አስነኩት።

"ወርቅ ለብሷል እንጂ ወርቅ አይደለም" አሉ። "ውስጡ ምንድን ነው? ይኮራል፤ እንደ ወርቅ አይታዘዝም።"

ቱንግስተን የሚባል፣ የአምፖል ውስጥ ሽቦ የሚሠራበት ብረት ነው አልኳቸው። አምፖል ልትሠሩ ነው ወይ ብለው ጠየቁኝ። አይደለም ብዬ ስለ ሙዮን ለማስረዳት ሞከርኩ፤ ስለማይታይ ነገር፣ በሁላችንም ውስጥ ስለሚያልፍ፣ እሱን ለመያዝ ስለምንደክም። በጸጥታ ሰምተው ሲያበቁ፣ እኔ የአራዳ ልጅ ነኝ አሉ፤ በኛ ሰፈር የማይታይ ነገር የሸጠ ሞልቷል፣ የገዛ ግን ዛሬ ገና አየሁ። ባለሱቁ ከውጭ ሆኖ ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም። ሽቦውን አሁንም በጣታቸው መካከል ወዲያ ወዲህ እያደረጉት ነበር።

ባለሱቁ ዕድሜው ገፍቶ ሱቁን ለመዝጋት እየተዘጋጀ ስለነበር እትዬ ዘሀራ በወሩ እኛ ጋ መጡ። በጊዜያዊ ሠራተኝነት ቀጠርናቸው። ዓይንዎ ደህና ነው ወይ ብሎ የጠየቃቸው የለም። ማጉያ ቅንድቡ ላይ ሰክቶ የመጣን ባለሙያ ማን እንዲህ ብሎ ይጠይቃል?

የመጀመሪያውን ቀን ሳስታውሰው አሁንም ይዘገንነኛል። ጥሩ ጥሩውን መብራት እሳቸው ወንበር ፊት አዘጋጅቼ ነበር። ተቀመጡና፣ መብራቱን ለራሳችሁ አድርጉት፣ እኔ ይሞቀኛል አሉኝ። እንደ ትሕትና ቆጠርኩት። ሁለት ዓመት ሙሉ መብራት የሌለበት ጥግ ላይ ሲሠሩ አንድም ቀን አልገረመኝም። ማጉያውን ሥራ ሲጀምሩ ከቅንድብ ወደ ዓይን ያወርዱታል፤ ሲጨርሱ ወደ ላይ ይመልሱታል። ያንን ሁሉ ለኛ ሲሉ ነበር የሚያደርጉት።

ጓንት ላይ ተጣላን። ሽቦው እድፍ እንዳይነካው በጓንት መሠራት አለበት፤ እሳቸው ደግሞ ጓንቱ ጣቴን አፍኖ ይገድለዋል አሉ። ብዙ ከተከራከርን በኋላ እሳቸው ራሳቸው መላ አመጡ። ሽቦው ተወጥሮ ከታሰረ በኋላ ጫፉ ተቆርጦ ይጣላል አይደል? እንግዲያው የሚቆረጠውን ጫፍ ብቻ በባዶ እጅ ልያዝ፤ ሌላውን አልነካውም። እንዳሉትም አደረጉ። የቱቦውን ጫፍ የሚዘጋው መክደኛ ላይ ያለችውን ቀዳዳ ለማግኘት ደግሞ ከላይ ሰፋ ከታች ጠበብ ያለች የነሐስ ቁራጭ በገዛ እጃቸው ሞርደው ሠሩ፤ መክደኛው ላይ ስትደፋ ክሩ እየተንሸራተተ ራሱ ቀዳዳው ውስጥ ይገባል። እኛ ሽቦ ስንል እሳቸው ክር አሉት፤ ከዚያ ወዲያ ሁላችንም ክር አልነው። የነሐሷን ሥዕል ሥራውን ለሰጡን ለውጭዎቹ ስንልክላቸው ወደዷት፤ ሌሎችም ቤተ ሙከራዎች እንዲሠሩባት ጠየቁን። ለምን እንደተፈለሰፈች ግን ያኔ አልገባንም።

ክር በሚያልፍበት ሰዓት ወሬ ክልክል ነው። ሙሉጌታ ማውራት ይወዳል፤ ሲጀምር እትዬ ዘሀራ ቀና ሳይሉ "እጅ ይሥራ፣ አፍ ይረፍ" ይሉታል። እኔ ስቸኩል ደግሞ "ቸኩሎ የገባ ክር ቸኩሎ ይወጣል" ይሉኝ ነበር፤ እውነትም ይበጠስብኛል። እኔን "መምህር" ነው የሚሉኝ፤ አባባላቸው ውስጥ ግን ሁልጊዜ ትንሽ ቀልድ አለበት፤ ማን ማንን እንደሚያስተምር እያየን ነው እንደማለት። ገና በር ስከፍት፣ አፌን ሳልከፍት፣ "መምህር ዛሬ አልተኛም" ይሉኛል። ከአረማመዴ ነው ለካ።

በሦስተኛው ሳምንት የመጀመሪያው ቱቦ ፈተናውን አለፈ። ክሩ ምን ያህል እንደተወጠረ የሚለካው አጠገቡ ማግኔት አስቀምጦ በማርገብገብ ነው፤ ልክ እንደ ክራር፣ በሚሰጠው ድምፅ መጠን መላላትና መጥበቁ ይታወቃል፤ ድምፁን የሚሰማው ግን መሣሪያ ነው። መሣሪያው የሰጠን ቁጥር ከተፈለገው ጋር አንድ ሆነ። ጋዝ ሞላንበት፤ ኤሌክትሪክ ሰጠነው፤ የሚመጣውን ምልክት በሚያሳየው ስክሪን ፊት ተደርድረን ቆምን። ሙሉጌታ በደስታ ጠረጴዛውን ይደበድባል። እትዬ ዘሀራ ግን ወደ ስክሪኑ ሳይጠጉ በርጩማቸው ላይ እንደተቀመጡ ቀሩ።

"ንገረኝ እስቲ፣ ምን ይመስላል?" አሉኝ።

ይምጡና ይዩት አልኳቸው። ካንተ አፍ ልስማው አሉ። እኔም አስተማሪ ነኝና ደስ ብሎኝ ነገርኳቸው። ጸጥ ብሎ የተዘረጋ መስመር አለ፤ በድንገት ወደ ታች ይሰጥማል፤ ከዚያ ቀስ ብሎ ወደ ቦታው ይመለሳል፤ አንዱ ይጠልቃል፣ አንዱ ትንሽ ነው፤ ሁለት አንድ ዓይነት አይመጣም። በየመሐሉ እየጠየቁ ሰሙኝ። የሚሰጥመው ምን ያህል ፈጥኖ ነው? ሲመለስስ ይንቀጠቀጣል? ያን ያህል አጥብቆ የጠየቀኝ ተማሪ ኖሮኝ አያውቅም።

"በኔም ውስጥ ያልፋል ብለኸኝ ነበር" አሉ በመጨረሻ።

"አሁን እያወራን እንኳ ያልፋል። መዳፍዎን ቢዘረጉ በየሰከንዱ አንድ ያህል ያልፍበታል።"

ቀኝ መዳፋቸውን ወደ ላይ ገልብጠው ጉልበታቸው ላይ ዘረጉት። ትንሽ ቆይተው፣ አላህ ስንቱን ያሳልፍብናል ሳናውቀው አሉና ወደ ሥራቸው ተመለሱ።

ከሁሉ የሚከነክነኝ ግን የመክደኛዎቹ ጉዳይ ነው። ሥራው ግማሽ ከደረሰ በኋላ በአንድ ሳምንት ውስጥ ስምንት ቱቦዎች ተራ በተራ ወደቁብን። ኤሌክትሪክ ሲሰጣቸው መያዝ ያቅታቸዋል፤ የሆነ ቦታ ይሾልካል። ሙሉጌታ ምክንያቱ የእትዬ ዘሀራ ባዶ እጅ ነው ብሎ ደመደመ፤ እሳቸው ባሉበት፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ። ዕድሜ የዓይን ጠላት ነው፣ እድፉ አልታያቸው ብሎ ይሆናል አለ። አሁን ሳስበው ያቺ ቃል እንዴት አድርጋ እንደገባቻቸው እገምታለሁ። እኔም አልተከላከልኩላቸውም። እትዬ ዘሀራ ከወደቁት ቱቦዎች የአንዱን መክደኛ ፍቱልኝ አሉ። ፈታሁላቸው። ቀደም ሲል ከመጡት ደግሞ አንድ ስጡኝ አሉ። ሁለቱን በሁለት እጅ ይዘው የጠርዛቸውን ዙሪያ በትንሿ ጣታቸው ጥፍር ዞሩት።

"ይሄኛው ጥርስ አለው" አሉ የወደቀውን ዘርግተው።

እኔና ሙሉጌታ በማጉያ አየነው፤ ምንም የለም። በትልቁ ማይክሮስኮፕ አስቀምጠን ግማሽ ቀን ከፈለግን በኋላ አገኘነው። በቅርቡ ከመጣልን አዲስ ሳጥን የወጡት መክደኛዎች ሲቆረጡ ጠርዛቸው ላይ ዓይን የማያየው ስለት ቀርቶባቸዋል፤ ኤሌክትሪኩ የሚሾልከው በሱ በኩል ነበር። ሳጥኑን መለስን። በማግስቱ ሙሉጌታ ከፒያሳ የክሬም ኬክ ገዝቶ መጣና ጠረጴዛቸው ላይ አስቀምጦ ይቅርታ ጠየቃቸው። "ይቅርታ እንዲህ በክሬም ከመጣ ነገም ስደበኝ" አሉት። ሦስታችንም በላን። ተአምር ያየን መስሎን እጃቸውን አደነቅን፤ ያ እጅ ለምን እንዲያ ሊነቃ እንደቻለ ግን ሁለታችንም አልጠየቅንም።

ቱቦዎቹ አልቀው፣ ታሽገው ተላኩ። እዚያም ደርሰው በድጋሚ ተፈትነው ተቀባይነት አገኙ። እትዬ ዘሀራም ሥራቸውን ጨርሰው ቤታቸው ገቡ። ብዙውን ሥራ ሲሰጡን እንጠራዎታለን ብለን ነበር የሸኘናቸው።

እንግዲህ ከለቅሶው ማግስት ቢሮዬ ገብቼ መጀመሪያ ያወጣሁት የቱቦዎቹን ወረቀት ነው። እያንዳንዱ ቱቦ አንድ ወረቀት አለው። ከመስመሮቹ አንዱ "በማጉያ ታይቶ ንጹሕ መሆኑ ተረጋግጧል" ይላል፤ ሥሩ የሠራው ሰው ይፈርማል፤ ከዚያ በታች ኃላፊው ይፈርማል። ኃላፊው እኔ ነኝ። እትዬ ዘሀራ ሲፈርሙ "የት ጋ?" ይሉኛል፤ እኔ ቦታውን በጣቴ መታ መታ አደርጋለሁ፤ እሳቸው ድምፁን ተከትለው ይፈርማሉ። ስማቸው አንዳንዴ ከመስመሩ በላይ፣ አንዳንዴ ከመስመሩ በታች ወጥቷል። ከሥር የኔ ፊርማ ቀጥ ብሎ ተቀምጧል። እሳቸው አላዩም ነበር። እኔም አላየሁም ነበር፤ ቱቦውንም፣ እሳቸውንም።

ለሙሉጌታ ነገርኩት። መጀመሪያ የምቀልድ መሰለው። ከዚያ ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

"እኔ ዕድሜ የዓይን ጠላት ነው ያልኳቸው..." ብሎ ተወው።

ለውጭዎቹ መጻፍ እንዳለብኝ ስነግረው ግን ተቆጣ። ቱቦዎቹ ፈተናውን አልፈዋል፣ ማሽን አይዋሽም፤ አሁን ይህን ብናወጣ ያለቀ ሥራ ይፈታል፣ ሊሰጠን የታሰበውም ይቀራል፣ የሞቱ ሰው ስምም በማያውቋቸው ሰዎች አፍ ይገባል አለ። የተናገረው ሁሉ እውነት ነበር። እኔ ግን ያንን ወረቀት ካየሁ በኋላ መተኛት አልቻልኩም። ጥቂት ቀን ሳመነታ ቆይቼ ጻፍኩ። የሥራው አስተባባሪ ለሆነችው ሴት፣ የሠራው ሰው እንደማያይ፣ እኔም ሳላረጋግጥ እንደፈረምኩ፣ አንድም ሳልደብቅ ነገርኳት።

በማግስቱ አጭር መልስ መጣ። የኛ ቱቦዎች በሙሉ ለብቻቸው ተቀምጠው እንደገና ይፈተናሉ፤ እስከዚያው ስለ ሌላ ሥራ ንግግር የለም። ሦስት ሳምንት ጠበቅን። ሙሉጌታ በነዚያ ሳምንታት ከሰላምታ ሌላ አላነጋገረኝም።

ውጤቱ የመጣ ዕለት ሁለታችንም ስክሪን ፊት ተቀምጠን አነበብነው። ከሁሉም ቱቦዎች ሁለት ብቻ ክራቸው ከመጀመሪያው ትንሽ ላልቶ ስለተገኘ ወጥተዋል። ቁጥራቸውን ከመዝገባችን ጋር አመሳከርን። አንዱ የእትዬ ዘሀራ ነው። ሌላው እሳቸው ታመው በቀሩበት ሳምንት እኔ የሠራሁት ነው። አስተባባሪዋ ለፊርማዬ የሚገባኝን ተግሣጽ አላስቀረችብኝም፤ ከእንግዲህ ሠሪውና አረጋጋጩ የተለያዩ ሰዎች እንዲሆኑ አዛ፣ ቀጣዩን ሥራ ሰጠችን። ከደብዳቤዋ ሥር አንድ ጥያቄ አክላ ነበር። ሴትዮዋ አሠራራቸውን ያስተማሩት ሰው አለ ወይ? እሷ ጋ ያሉት ባለሙያዎች ሊያምኑ አልቻሉም።

ደብዳቤውን በስልኬ ይዤ ሰሚራ ወደምትሠራበት መድኃኒት ቤት ሄድኩ። እስከዚያ ቀን ድረስ ምንም አልነገርኳትም ነበር፤ ጥፋቴ እዚያ ላይ ነው። ባንኮኒው ላይ ተደግፌ ሁሉንም ተረኩላት። ፊቷ ሲለዋወጥ አየሁ።

"ማን ፈቀደልህ?" አለችኝ ዝቅ ባለ ድምፅ። "አራት ዓመት ሙሉ የደበቀችውን አንተ በጥቂት ቀን አወጣኸው።"

ፊርማዬ ነው፣ ግዴታዬ ነው የሚል ነገር አፌ ላይ መጥቶ ነበር፤ ዋጥኩት። ደንበኛ ገባ፤ መድኃኒቱን ሰጥታ አሰናበተችው። ሌላም ገባ። ልሂድ ወይስ ልቁም ብዬ ስጨነቅ ተመለሰችና ስለዚያ ስለወደቀው ቱቦ ጠየቀችኝ። የእናቴ ቱቦ ምኑ ላይ ነው የተበላሸው አለችኝ። ክሩ ከታሰረበት ጫፍ በኩል ትንሽ እንደተንሸራተተ ነገርኳት። እናቷ ቢሆኑ የሚጠይቁት ይህንን ብቻ እንደሆነ ነገረችኝ፤ የማን እንደወደቀ፣ የማን እንዳለፈ ሳይሆን፣ ምኑ ላይ እንደተበላሸ። ከዚያ ዓይኗን በነጭ ጋዋኗ እጅጌ ጠረገችና፣ እናቴ ትቀመጥበት የነበረውን ቦታ አሳየኝ አለችኝ።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ መጣች። ሙሉጌታም ነበረ፤ ወንበር አቀረበላት፤ እሷ ግን የእናቷ በርጩማ ላይ ተቀመጠች። ጠረጴዛውን በእጇ ዳሰሰችው፤ የነሐሷን ቁራጭ አነሳች፣ አስቀመጠች። ከዚያ ክሩን እጄ ላይ አድርግልኝ አለችና ዓይኗን ጨፈነች። ከጥቅልሉ አንድ ስንዝር ያህል ስቤ መዳፏ ላይ አጋደምኩላት። ጣቶቿን ቀስ ብላ አንቀሳቀሰች። ጠበቅን።

"እሺ፣ አሁን አስቀምጠው" አለችኝ፤ ክሩ ከተቀመጠ ቆይቷል።

መዳፏ ላይ እንዳለ ነገርኳት። ዓይኗን ገልጣ አየችው፤ ለረጅም ጊዜ ቀና አላለችም። ሙሉጌታ ወደ መስኮቱ ዞረ።

እሷ ከሄደች በኋላ ብቻዬን ቀረሁ። ያንን ክር ለዓመታት ነክቼዋለሁ፣ ለክቼዋለሁ፣ ስለሱ አስተምሬያለሁ። በርጩማው ላይ ተቀመጥኩና ጫፉን በአውራ ጣቴና በሌባ ጣቴ መካከል ይዤ ዓይኔን ጨፈንኩ። መጀመሪያ የያዝኩት መሰለኝ። ከዚያ የራሴን ጣቶች ብቻ ሰማሁ፤ አንዱ ቆዳ ሌላውን ሲነካ። ክሩ አምልጦኛል ብዬ በሌላው እጄ ጠረጴዛውን ዳሰስኩ፤ ጉልበቴን ዳሰስኩ፤ የለም። ፈልጌ ፈልጌ ሲያቅተኝ ዓይኔን ገለጥኩ። ክሩ ከጣቶቼ መካከል አልወጣም ነበር።